ክፍል ሁለት ይቆይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 3 ሰዓት

አጃው ተበላ። ክኒኖቹ ተዋጡ። ሰማያዊዋ ሁለቴ ወደቀች፣ በሦስተኛው ገባች። ካልሲ፣ ግራው መጀመሪያ። ሁልጊዜ ግራው መጀመሪያ። ለምን ብዬ የማስታምማቸውን ሽማግሌ አንዴ ጠይቄያቸው ሥርዓት ነው አሉኝ። ጀርመን ናቸው፤ አልተከራከርኩም።

15 ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አራት ደቂቃ አዘገየኝ። ዶ/ር ኤርቪን ለአራቱም ደቂቃ ማብራሪያ ፈለጉ።

ዛሬ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ሬዙሜ ማዘጋጀት አምሯቸዋል። ለየትኛው ቀጣሪ ልል ነበር፣ ተውኩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ የፋብሪካ ኬሚስት ነበሩ፤ መጀመሪያ ራይን ወንዝ ዳር፣ ኋላ እዚህ ኮሜርስ ሲቲ። የሰብል ተባይ የሚገድል ዱቄት ቀማሚ። አሁን እጃቸው እስክሪብቶ አይጨብጥም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለሁ የማተሚያ ቤት አራሚ እንደነበርኩ ባለፈው አምልጦኝ ነግሬያቸዋለሁ። አራሚ! ብለው ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። ሦስት ዓመት ገላቸውን ሳጥብ እንዲህ አክብረውኝ አያውቁም።

ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ አርማለሁ። አንባቢዋ አንድ ናት፤ ልጃቸው ካሪን፣ ሲያትል ያለችው። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ። ሁለቱም በአየር ጠባይ የተዋጣላቸው ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሬዙሜ አይደለም፣ ደብተሬ። ከዚያ የባሰ ነው።

ከፋብሪካ የሚወጣ ኬሚካል ሁሉ አብሮት የሚሄድ ወረቀት አለው። ምንድን ነው፣ ቢፈስ ምን ይደረጋል፣ ቢቃጠልስ፣ ሰው ቢውጠውስ። ዐሥራ ስድስት ክፍል ነው፣ ቅደም ተከተሉ አይነካም። ዶ/ሩ ሕይወታቸውን በዚህ ቅጽ መሙላት ይፈልጋሉ። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ይዋሻል፤ ቅጽ ሲሞላ ግን ይፈራል አሉ። የኢሚግሬሽን ቅጽ ሞልቼ ስለማውቅ አመንኳቸው።

ክፍል አንድ፣ መለያ። ስም፣ የትውልድ ከተማ። አምራች፦ አባት የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ እናት ልብስ ሰፊ።
ክፍል ሁለት፣ አደጋ። ይቆይ።
ክፍል ሦስት፣ ይዘት። በአብዛኛው ውኃ። ቀሪው እልህ።
ክፍል ሰባት፣ አቀማመጥ። ከዘመድ ርቆ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ። ኮሎራዶን ማለታቸው ነው።

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሁለተኛውን ለምን ዘለልነው አልኩ። አራሚ ባዶ ቦታ አይወድም።

«ሚስተር ዳኒ፣ ይቆይ ብያለሁ።»

ዳኛቸው ማለት ስላቃታቸው ነው ዳኒ የሆንኩት። ከስሜ ውስጥ ዳኛው ሲወጣ የቀረው ይሄ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ክፍል ዘጠኝ፣ ጠባያት። መልክ፣ የመቅለጫ ሙቀት፣ ሽታ። ሽታ ላይ ሲደርሱ ዐይናቸው በራ።

ዱቄቱ መጀመሪያ ይገማ ነበር አሉ። እንደ ተበላሸ ነጭ ሽንኩርት። ጫኝና አውራጆች ያስመልሳቸዋል፣ ባለ ሱቆች ከሱቃችን አናስገባም ይላሉ። አለቆቹ ሽታውን አጥፋልን አሏቸው። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። አጠፉት። ነጭ፣ ልም፣ የሕፃን ፓውደር የመሰለ፣ ምንም የማይሸት ዱቄት። ሹመት መጣ። የራሳቸው ላቦራቶሪ መጣ። በር ላይ የነሐስ ስም መጣ። የዛሬው ቤት፣ የካሪን ትምህርት፣ ከራይን እስከ ኮሜርስ ሲቲ ያለው መንገድ ሁሉ ከዚያች ሽታ መጥፋት የተቀዳ ነው።

ጭብጨባ የሚጠብቁ መስሎኝ ጎበዝ ነበሩ አልኩ።

ከዚያ ሽታው ለምን የነበረ ይመስልሃል አሉኝ። ኬሚስት አይደለሁም አልኩ። ሰው እንዲሸሸው አሉ።

ጻፍ አሉኝ። ሽታ፦ የለውም።

ጻፍኩ። አጃቸውን አልበሉም ዛሬ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የድሮ ፋብሪካቸውን ማየት አማራቸው። ተክሌን ጠራሁት። ተክሌ ወዳጄ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። አሥመራ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ የእኔን አማርኛ የሚያርም ብቸኛ የዴንቨር ነዋሪ። ዊልቸሩን ከኋላ ጫንን፣ እሳቸውን ከፊት።

ኮልፋክስ ላይ አንድ የስጦታ ሱቅ አልፈን ስንሄድ ዶ/ሩ ሳቁ። ሲስቁ ሳይ ሁለተኛዬ ነው። በጀርመንኛ መርዝ ማለት «ጊፍት» ነው አሉ። እዚህ አገር በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት «ጊፍት ሾፕ» የሚል ሰሌዳ አይተው፣ መርዙን በግልጽ የሚሸጥ እንዴት ያለ ሐቀኛ ሕዝብ ነው ብለው ነበር። ተክሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቀይ መብራት ሊጥስ ነበር።

ከዚያ ወደ ተክሌ ዞረው ከእናንተ ቋንቋ አንድ ቃል ዐውቃለሁ አሉ። አንድ ብቻ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፦

«ሜድሃኒት።»

ተክሌ በመስታወቱ አፈጠጠብኝ። «ዳኜ! መድኃኒታቸውን አልሰጠሃቸውም እንዴ? ሰውዬው እኮ እየለመኑህ ነው!»

«ሰጥቻለሁ ባክህ።»

«እንግዲያ ከየት አመጡት? ምን ስታስተምራቸው ነው የምትውለው?»

ሣጥኑን ከፍቼ ቆጠርኩ። ተውጧል፣ ሰማያዊዋም። ከየት ሰሙት ብዬ ጠየቅኩ። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ፋብሪካው የለም። መጋዘን ሆኗል፣ ግድግዳው ነጭ፣ መስኮት አልባ። ሺፍት መቀየሪያ ላይ ደረስን፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ልጆች በአማርኛ እየተንጫጩ ወጡ። አንዷ እኛን አየችና ቆመች። «አባባ ለሥራ ነው የመጡት? አፕሊኬሽን ኦንላይን ሆኗል እኮ!» ተክሌ አንገቱን አወጣ። «እኚህ አባት ልምድ አላቸው፣ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪልን።» ተሳሳቁ።

ዶ/ሩ ምን አለች አሉኝ። ተረጎምኩ። ትክክል ናት አሉ፣ እኔም ቅጼን ገና አልጨረስኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴው ላይ መድኃኔ ዓለም በተባለ ቁጥር የሽማግሌው አነጋገር ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ሜድሃኒት። የሚያድን። አንድ ጀርመን ከአማርኛ ውስጥ ሰላምታን ትቶ፣ ምስጋናን ትቶ፣ ይህን ቃል ከየት ይለቅማል?

የማኅበሩን በራሪ ወረቀት ሰጡኝ፣ ሦስት የፊደል ስሕተት አገኘሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አርጅቻለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከቀትር በኋላ

ደብተሬ፣ እጅህን ስጠኝ።

ጠዋት ከቁም ሣጥኑ ግራጫ አቃፊ አስወጡኝ። ለክፍል ሁለት ነው አሉ። ውስጡ ሁለት ወረቀት። አንደኛው የጀርመንኛ ደብዳቤ ነው። በደርግ ጊዜ እኛ አገር ገጠር ክሊኒክ ውስጥ ትሠራ የነበረች ነርስ ለፋብሪካው የጻፈችው። እያነበቡ ተረጎሙልኝ። አንዲት እናት። የልጇ ራስ ቅማል አፈራ። ቤት ውስጥ ለማሽላው የተገዛ ዱቄት አለ፣ ነጭ ነው፣ አይሸትም። እሷ ማንበብ አትችልም። ማንበብ የሚችል ጎረቤት ጠየቀች። ጎረቤትየው ትልቁን ቃል አነበበላት። የልጇን ፀጉር አርሳ ዱቄቱን ነሰነሰችበት፣ በሻሽ አሰረችው። ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። ስድስት ዓመቷ።

ነርሷ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። እዚህ አገር ቋንቋ ይህ ቃል የሚያድን ነገር ማለት መሆኑን ያወቀ ሰው እናንተ ዘንድ አልነበረም?

ዶ/ሩ ደብዳቤውን ይዘው አለቆቻቸው ዘንድ ሄደዋል። ጽሑፉ የአገር ውስጥ አስመጪው ጉዳይ ነው ተባሉ። እዚያው ቀሩ፣ ሠሩ፣ ተሾሙ። ካሪን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለአንድ ወር ፀጉሯን ማበጠር አቃተኝ አሉ፤ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሁለተኛውን ወረቀት ሰጡኝ። ነርሷ ከከረጢቱ ልጣ የላከችው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የሰብል መድኃኒት። እኔ ቃሉን አላነበብኩም፣ ደብተሬ። «ኃ»ን ነው ያየሁት። ከጎረቤቶቿ ወፈር ትላለች። ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብላለች።

ሻይ ላፍላ ብዬ ወጣሁ። ውኃው ፈልቶ እስኪያልቅ ማድ ቤት ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ልጻፈው። ላንተ ካልነገርኩ ለማን።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከፍ ያለች ወንበር፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ከሁሉ በላይ የሆንኩ የመሰለኝ። ከአስመጪው መ/ቤት ረቂቅ ይመጣል፦ «የሰብል መርዝ»። ተርጓሚው ማን እንደነበር አላውቅም፤ ግን ሰውየው ልክ ነበር። እኔ ነኝ የሳቅኩበት። የሰብል መርዝ ማለት ሰብልን የሚመርዝ ነው፣ ሰዋስው አያውቅም እንዴ ይሄ ሰው? ገበሬውስ መቼ መርዝ ይላል? የአይጥ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት ነው የሚለው። መርዝን በቀይ ሰረዝኩ። መድሃኒት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደግሞ በሃሌታው መጻፌ አሳፈረኝና እሱንም ሰርዤ በብዙኃኑ አደረግኩት። መድኃኒት።

ፊደል ለቃሚው በዚህ ቁመት «ኃ» የለችም አለኝ። ፈልግ አልኩት። ጋሼ በ«ሃ» ቢሆን ማን ይሞታል አለኝ።

አዎ። እንዲህ ነው ያለኝ። ቃል በቃል።

ግማሽ ቀን አስፈለግኩት። ከሌላ ሣጥን አንዲት ወፍራም «ኃ» አምጥቶ አስገባት። ሳንሱሩ አንብቦ ፀረ አብዮት ነገር የለበትም ብሎ ማኅተሙን መታበት። «ልጆች እንዳይደርሱበት» የሚለው ከታች በትንሿ ፊደል ወጣ። ነጥቦቹን ሁሉ አይቻለሁ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

እሳቸው ሽታውን አነሡ፣ እኔ ስሙን። እናትየው ምን ቀራት?

ዛሬ ደውዬ አሞኛል ብያለሁ። ውሸት አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሄድኩ። ግራ ካልሲ፣ ቀኝ ካልሲ።

ክፍል ሁለት ተሞላ። በቀስታ ተናገሩ፣ አንዴም አላረፉም። ሽታውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሽታው ማስጠንቀቂያ እንደነበር ዐውቅ ነበር። የአማርኛውን ጽሑፍ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ሳላስነብብ ፈርሜያለሁ። ቃሉን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መርጦታል፤ እሱ ግን ፋብሪካውን አምኖ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እዚያው እየጻፈ ነበር።

ያን ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ አሉ። በሕይወት ካለ አለማወቁን እመኝለታለሁ አሉ።

«ሚስተር ዳኒ፣ ትክክል ነው?»

አንድ ኮማ አነሣሁ። ትክክል ነው አልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሃቫና ስትሪት፣ ተክሌ ሁልጊዜ ፓርክ የሚያደርግበት ካፌ። ሁሉን ነገርኩት። ስኒውን አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛዬን ሳያርም አዳመጠኝ።

ከዚያ ተቆጣ። «ታዲያ አሁን ምን ልትሆን ነው? ለሞት የቀረበ ሽማግሌ አልጋ ላይ ወጥተህ ንስሐ ልትገባ? ቄስ አጥተሃል?»

«እሳቸው ሙሉውን ለብቻቸው እየተሸከሙት ነው፣ ተክሌ።»

«ተሸክመውት ኖረዋል። ለምደውታል። አንተ ስትነግራቸው የሚቀልለው ለማን ነው? ላንተ ነው!»

«ወረቀቱ ላይ ውሸት አለ።»

«አንድ ቃል!»

«መጀመሪያውንም አንድ ቃል ነበር።»

ሒሳቡን ከፈለ። ሲወጣ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፦ «ዳኜ፣ እኔም ብሆን መድኃኒት ነበር የምለው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። በአማርኛ ትክክል መሆኔን መሰከረልኝ። ከዚህ የከፋ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። 8 ሰዓት

ተናገርኩ።

እንደሚሆን አድርጌ አይደለም። ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ አንቀላፍተው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ቀዩን እስክሪብቶ፣ «ኃ»ን፣ ፊደል ለቃሚውን። በአማርኛ። የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ መሆኑን እያወቅኩ፣ በተኙበት፣ በአማርኛ። ፈሪ ሰው ሁሉን ነገር አሟልቶ ነው የሚፈራው።

ቃሏ ላይ ስደርስ ቅንድባቸው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አልምል። ትንፋሻቸው አልተለወጠም።

ነገ በእንግሊዝኛ። ነቅተው ሳሉ። አጃው ከተበላ በኋላ፣ ከካልሲው በፊት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

አጃ የለም። ካልሲ የለም።

በሩን በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ናቸው፣ ይተነፍሳሉ፣ ስጠራቸው አይሰሙም። አምቡላንስ እንዳልጠራ ቀድመው ፈርመዋል፤ ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፣ በአራት ማግኔት፣ ቀጥ ብሎ። ለሞት የቀረቡትን የምታስታምም የሆስፒስ ነርስ መጣች። ስትሮክ ነው አለች። ቀናት፣ ምናልባትም ያነሰ። አይነቁም።

ካሪን ደወለች። ስለ አየር ጠባይ አላወራንም።

አራት ደቂቃ አልዘገየሁም ዛሬ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ካሪን ደረሰች። ረጅም ናት፣ ቁመናዋ የእሳቸው ነው። እጃቸውን ይዛ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጠች። ፀጉሯ ሸብቷል። ስድስት ዓመት የነበረች ልጅ ስትሸብት ምን እንደምትመስል አየሁ።

እግራቸው ቀዝቅዞ ነበር። ካልሲ አደረግኩላቸው። ግራውን መጀመሪያ። ካሪን አይታ አለቀሰች። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር አለች፣ ምክንያቱን ነግሯት አያውቅም። እኔን ሥርዓት ነው ብለውኛል አልኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ባለፈው እሑድ ስልክ ላይ አባቴ ከአየር ጠባይ ወጥቶ አንድ ነገር ነገረኝ፣ ሚስተር ዳኒ የሚያርሙልኝ ወረቀት አለ፣ ሲያልቅ ይሰጡሻል አለኝ። አልቋል? አለች።

አንድ ማረሚያ ቀርቷል አልኩ። ነገ ጠዋት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

ዶ/ር ኤርቪን አሁንም ይተነፍሳሉ፣ በዝግታ። ካሪን ሻወር ላይ ናት። ውኃው ይሰማኛል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዐሥራ ስድስቱም ክፍል ተሰድረዋል። በንጹሕ ገልብጫቸዋለሁ፣ ክፍል ሁለትን ብቻ አልነካሁም። በመጀመሪያ የእጅ ጽሑፌ እንዳለ ነው።

ተክሌ መሸከሙን ለምደውታል ብሎ ነበር። ልክ ነው። አሁን ግን አንባቢዋ ካሪን ናት፣ እሳቸው አይደሉም። ይህችን ወረቀት ዕድሜዋን ሙሉ ይዛት ትኖራለች፤ አባቴ ብቻውን አደረገው ትላለች፣ ያልታወቀውን ሰውም እንደ አባቷ ስታስበው ትኖራለች። አጠገቧ ቆሞ ሻይ ሲቀዳላት የነበረውን።

ይቅርታ አልጽፍም። ይቅርታ በቃል ነው፣ ፊት ለፊት፣ በእንግሊዝኛ፣ ነቅታ ሳለች። ወረቀቱ ላይ የአራሚ ሥራ ብቻ ነው የምሠራው። ቀይ እስክሪብቶ ከካሪን ቦርሳ ጠይቄ ወስጃለሁ። ለምን አላለችኝም።

«ማንነቱ ያልታወቀ ሰው» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዣለሁ። በላዩ ላይ ሙሉ ስሜን ጽፌያለሁ፣ ዳኛቸው ብዬ፣ ዳኒ ብዬ አይደለም። «አምኖ ነው» የሚለውንም ሰርዣለሁ። አላመንኩም፤ አላሰብኩም። ጎኑ ላይ ቃሏን በአማርኛ ጻፍኳት። እጄ እንደ ልማዷ ወደ «ኃ» ሄደች፣ አልከለከልኳትም፤ ከሥሯ ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ፣ እና በፊት በቦታዋ መርዝ የሚል ቃል እንደነበረ፣

ውኃው ቆመ። እየወረደች ነው